የጉራች ጭራ

አዝማሪ ላቀው የፈረሴን ጭራ ቆረጠብኝ። እኔ ጠላ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ፈረሴ ደጅ እንደ ታሰረ፣ በካራ፣ ከሥሩ። ቆርጦም ለመሰንቆው አውታር አደረገው። በዚህ ሰበብ ላገባት የነበረችው ልጅ ቀረችብኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ማሳመር አላውቅም፤ አሳምሮ ማውራት የሱ ሙያ ነበር፣ የት እንዳደረሰኝም አይቻለሁ።

ይህን ብዕር ያስያዘችኝ ልጄ ዘነበች ናት። ያለፈው እሑድ «አባባ፣ ሥዕል ሲሮጥ አይተው ያውቃሉ?» ብላ እየጎተተች ሰዉ የሰይጣን ቤት ወደሚለው አዳራሽ ወሰደችኝ። ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል። ከኋላችን አንድ ፈረንጅ የሣጥን እጀታ ይዞ እንደ ወፍጮ ያዞራል። መብራቱ ሲጠፋ አቡጀዲው ላይ ፈረሰኞች ወጡና ወደ እኛ ጋለቡ። ከፊቴ የተቀመጠ ባለ በርኖስ ሽማግሌ «እመ ብርሃን!» ብሎ ከአግዳሚው ወደቀ። ዘነበች ክንዴን ጨምድዳ ጮኸች። እኔ ግን ዞር ብዬ የፈረንጁን እጅ አይ ነበር። ፈረሶቹ ከመፍጠናቸው በፊት እጁ ይፈጥናል። ቆይቶ አንዲት ሴት በር ላይ ብቻዋን ቆመች፤ የፈረንጁ እጅ ዘገየ።

«አሁን ታለቅሳለች» አልኋት ለዘነበች።

አለቀሰች።

«እንዴት አወቁ?»

«እጁ ዘገየ።»

«ኤዲያ አባባ! ከፍዬ ያመጣሁዎ የሰው እጅ ሊያዩ ነው?»

«እጅ ማየት ያስለመደኝ ሌላ ሰው ነው፤ እሱን ነው መውቀስ።»

ስንወጣ ሰዉ ሁሉ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። የእኔ ዓይን ደረቅ ነው። ልጄ አዘነችብኝ መሰለኝ፣ መንገድ ላይ «ፈረሶቹስ? እነሱም አላማሩዎትም?» አለችኝ። «ጭራቸው ያምራል» አልኋት።

ዛሬ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው አፍንጫውን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ የሚሉት ነገር በአገሩ አልነበረም። ከተማው ገና እላይ፣ እተራራው ጫፍ ላይ ሳለ፣ የሚሸተው ጥድ ነው፣ የኩበት ጭስ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የረጠበ ለምድ ነው። እኛ የካዎች ቀበናን ተሻግረን ስንወጣ ብርዱ ጆሯችንን ይቆርጠዋል፤ እላይ የሚኖሩት ግን «እናንተ ቆለኞች» እያሉ ይስቁብናል። ቆላ! ከየካ ወዲያ ደጋ የት አለ? ቢሆንም ያ ዳገት በልቤ አለ። ከማርያም በታች ጠላ ሻጮቹ ተደርድረው፣ ከራጉኤል ወዲህ ጨርቅ ሻጮቹ። አሞሌ ጨው ጠርዙ እንዳይሸረፍ በሣር ተጠቅልሎ ነው የሚያዘው፤ የተሸረፈ ካቀረብህ ሴትዮዋ ዋንጫህን አጉድላ ትሰጥሃለች፣ «የጎደለ ለጎደለ» ብላ። ብር የያዘ ሰው ደግሞ ወዮለት፤ ሻጩ ብሩን ገልብጦ፣ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ሴት የደረት ጌጥ በጥፍሩ ዳብሶ፣ ለጎረቤቱ አሳይቶ፣ እንደገና ዳብሶ ነው የሚቀበለው። ጎረምሳ ሁሉ አናቱን ለጋ ቅቤ ተቀብቶ፣ ፀሐይ ሲወጣ ቅቤው በጆሮው ግንድ እየወረደ፣ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርሁ። አሁን ሳስበው የምስቅበት ያ ደረቴ ነው።

ጉራች ከአባቴ የወረስሁት ፈረስ ነው። ጥቁር ነው፣ ስሙም በኦሮምኛ ጥቁርነቱ ነው። ጭራው ሰኮናው ድረስ ይወርዳል፤ ሲጋልብ ከኋላው እንደ ሐር ይዘረጋል። የዚያን ቀን ወደ እንጦጦ የወጣሁት ለጥሎሽ የሚሆን ኩታ ልገዛ ነው። መስቀል አልፎ አደይ ገና ያልረገፈበት ጊዜ ነበር። የኦቦ ነጋሳን ልጅ ጫልቱን ላገባ ሽማግሌ ልኬ፣ «እሺ» የሚለው ቃል በማግስቱ ይመጣል ተብያለሁ። ኩታውን ገዛሁ፣ ጥለቱ ቀይ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን ያህል ቀይ አላየሁም። ደስ ብሎኝ ጠላ ቤት ገባሁ። ስወጣ ጉራች ቂጡ ገላጣ ሆኖ፣ እንደ ተላጨ ሰው አፍሮ ቆሟል። ጠላ ሻጯ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ኸረ ጌታው፣ አዝማሪው ካራ ይዞ ሲወጣ አይቼ ሥጋ ሊቆርጥ መስሎኝ!» አለችኝ።

በእኛ በየካ ሰዎች ዘንድ የፈረስ ጭራ የሚቆረጠው ጌታው ሲሞት ነው። ፈረሱን ለቅሶው መሐል ያዞሩታል፣ ያየው ሁሉ ደረቱን ይመታል። እኔ እንግዲህ በሕይወት እያለሁ በሙት ፈረስ ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ወረድሁ። መንገዱ ደግሞ በኦቦ ነጋሳ ደጅ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ሽማግሌው ከጎረቤቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«ቱሉ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም፣ ኦቦ። ሌባ ነው።»

ፈረሱን ዞሮ አየው። ዞሮ እኔን አየኝ። «የፈረሱን ጭራ መጠበቅ ያልቻለ ልጄን ሊጠብቅ ነው?» አለ ለጎረቤቶቹ እንጂ ለእኔ አይደለም። ሳቁ። ከአጥሩ ውስጥ ጫልቱ ቆማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ የመጣው ቃል «እሺ» አልነበረም።

አዝማሪውን ያገኘሁት ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ከራጉኤል በታች አንድ ጠጅ ቤት ደጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከወሎ የመጣ፣ ዕድሜው ከኔ ብዙም የማይርቅ ሰው ነው። ሰዉ ከቦት ይስቃል። መሰንቆው ላይ የተወጠረው ጭራ ድፍን ጥቁር ነው።

«ይህ የማን ፈረስ ጭራ ነው?» አልሁት።

«የአንድ ሞኝ።»

«ሞኙ እኔ ነኝ።»

ይደነግጣል ስል ብድግ ብሎ እጅ ነሳኝ። «እንግዲያስ እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ! የቆመ ፈረስ ጭራ ያጉረመርማል፤ የሚጋልብ ፈረስ ጭራ ይዘፍናል። ያንተው ይዘፍናል። ስሰማው ጊዜ አንተን ፈልጌ ላመሰግን ነበር።»

ነጠላውን ጨምድጄ «በሕግ አምላክ!» አልሁ። ሕግ ከተጠራ ማንም አይንቀሳቀስም። ዳኛው ግን ከጌታው ጋር ሩቅ አገር ወጥቶ ነበር፤ እስኪመለስ ጠብቁ ተባልን። ያን ጊዜ ደግሞ ዋስ ያልጠራ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በሰንሰለት ይቆራኛል። ፍርድ እስኪሰጥ አብረህ ትበላለህ፣ አብረህ ትተኛለህ፣ እሱ ሲያስለው አንተም ትነቃለህ። ላቀው በዚያ አገር ዘመድ የለውም፣ ለአዝማሪ ማን ዋስ ይሆናል? የችሎቱ አጋፋሪ ሊያስረው ቀኝ እጁን ሲይዘው፣ «ጌታዬ፣ ቀኜ ደጋን ይይዛል፣ እሷ ከታሰረች ሁለታችንም በረሃብ እናልቃለን፤ ግራዬን እሰሩልኝ» ብሎ ለመነ። አጋፋሪው ስቆ የእሱን ግራ ከእኔ ቀኝ አቆራኘው። የመሰንቆ ሰው አውታሩን የሚነካው በግራ ጣቶቹ መሆኑን አጋፋሪው አላሰበውም፣ እኔም አላሰብሁት።

ዳኛ ፊት የምለምነውን አንድ ነገር ይዤ ነበር፤ መሰንቆው ይሰበርልኝ፣ እፊቴ። ሌላ ካሣ አልፈለግሁም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁም ስቅሉን አሳየሁት። እህል ስቆርስ እጁ አብሮ ይጎተታል፣ ሆን ብዬ ትልቅ ትልቅ እቆርሳለሁ። ጠጅ ቤት ሲጫወት፣ ዘፈኑ ሊያምር ሲል፣ ሰንሰለቱን ነጠቅ አደርገዋለሁ፤ መሰንቆው እንደ ተረገጠ ድመት ይጮኻል። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። «ቁራኛው ያምራል! ቁራኛውን ጨምሩልን!» ይላሉ። ላቀው ግን ከሳቃቸው ላይ ግጥም ይሠራል፣ ያበሉታል፣ እኔም አብሬ እበላለሁ። ልገድለው ፈለግሁ፤ ሬሳውንም ተሸክሜ ልዞር ነው ብዬ ተውሁት።

ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ። በጾም መሰንቆ አይነካም፤ ከምሰሶው ላይ ተሰቀለ። የላቀው ጣቶች ግን አልጾሙም። ሥራ የለም፣ እህልም ቀጥኗል፤ ደብር ለደብር እየዞርን ከነዳያን ጋር ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ የራሱን ጉልበት ይነካል፣ እንደ አውታር። እጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የእኔ አንጓ ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያ እንደ ዝንብ አስቸገረኝ። ቆይቶ፣ ልቤ ሳይፈልግ፣ እጄ ለመደው። ድምፅ የለም፣ ዘፈን የለም፤ ግን «አሁን ወረደ፣ አሁን ቆየ፣ አሁን ሊመለስ ነው» እያለ አንጓዬ ይነግረኛል። አንድ ቀን ከቀበና ዳር ተቀምጠን፣ ጣቱን ሳያወርደው ቀረ። እጄ ብቻዋን ወረደች።

ዓይኑን ገለጠ። «አየህ?» አለኝ። «ገባችብህ።»

«ምን ገባችብኝ?»

«ትዝታ። እዚያ ጋ እንደምትወርድ ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ፣ ስትነካካ የምትውል።»

«እኔስ ቆሜ ነበር» አለና ሳቀ።

ምን እንደ ወሰደብኝ ያወቅሁት በጥምቀት ነው። የየካ ሚካኤል ታቦት ጥር አሥራ ሁለት ሲገባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከበሮው ሲመታና እልልታው ሲነሣ እንባዬ ይመጣል። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ሁለታችንም ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ቆመን እናለቅሳለን። የዚያን ዓመት ከላቀው ጋር ተቆራኝቼ ቆምሁ። ከበሮው ተመታ። እኔ ከበሮ አልሰማሁም፤ የመቺውን ግራ መዳፍ ሰማሁ፣ ከቀኙ ዘግይቶ ሲመጣ፣ ሆን ብሎ ሲያዘገየው። እልልታው የት እንደሚነሣ አስቀድሜ አወቅሁ፤ እዚያው ተነሣ። እንባ የለም። ዛሬም ያው ነኝ። ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ከአንድ ደብተራ ዘንድ ፊደል ስቆጥር ይኸው በሽታ ደገመብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ስሙን ሲነግረኝ ሰውዬው ሳይሆን ፊደሉ ይታየኛል። ማወቅ ጥሩ ነው ይላሉ። ይበሉ።

«ምን አደረግኸኝ?» አልሁት ላቀውን እዚያው ሰልፉ መሐል።

«ምን ሆንህ?»

«እንባዬ ደረቀ። አንተስ ዘፈን ስትሰማ ታለቅሳለህ?»

«እኔ?» አለ። «ወጥ ሠሪ በወጧ ጠግባ ታውቃለች?» ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «በልጅነቴ አለቅስ ነበር። አባቴ ሲጫወት። እንዲያ ልስማው ብዬ ነው መሰንቆ የያዝሁት፤ ከያዝሁት በኋላ እንዲያ ሰምቼው አላውቅም» አለኝ። ያን ቀን ሰንሰለቱን አልነጠቅሁትም።

ጥር ሳያልቅ ጫልቱን ለሌላ ሰው ዳሯት። ኦቦ ነጋሳ አዝማሪ አስጠራ፤ የተጠራው ላቀው ነው።

«አልሄድም» አልሁት።

«እኔ ከሄድሁ ትሄዳለህ። ካልሄድን ደግሞ ዛሬ አንበላም።»

«በእሷ ላይ አንዲት የምታስቅ ቃል ከተናገርህ እጅህን እሰብረዋለሁ።»

«ቀስ ብለህ ስበር፤ ያንተም አብሮ ነው።»

ዳሱ ስንገባ ኦቦ ነጋሳ አየኝና ፊቱ ተኮማተረ። «ይኸን ደግሞ ማን ጠራው?»

«እርስዎ የጠሩት አዝማሪውን ነው፣ ኦቦ» አልሁት። «እኔ ሰንሰለቱ ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሊስቅ ፈልጎ ዋጠው። ላቀው ትዝታ ጀመረ። የጉራች ጭራ እሷ ሠርግ ላይ ዘፈነ። የሙሽራዋ እናት አለቀሰች፣ ሚዜዎቹ አቀረቀሩ፣ ኦቦ ነጋሳ ራሱ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። ማልቀስ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። ከዚያ ዳስ ውስጥ ከኔ የበለጠ ለማልቀስ መብት ያለው ሰው አልነበረም። ግን ጣቱ ሊወርድ እንደሆነ አንጓዬ ያውቃል፣ ወረደ፤ ሊቆይ እንደሆነ ያውቃል፣ ቆየ። ደረቅ ዓይኔን ይዤ እንደ እንጨት ተቀመጥሁ። የፈረስ ጭራስ ያድጋል። ልቅሶዬን መነጠቁ ነው ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ።

ያን ጊዜ ላቀው ወደ እኔ ጎንበስ አለና «ግጥም ስጠኝ» አለኝ። አዝማሪ ለታላላቅ ሰዎች ነው እንዲህ የሚለው። በዕድሜዬ ግጥም አውጥቼ አላውቅም። አፌን ስከፍት ይህ ወጣ፤

ጭራ አልባ ፈረስ ይዤ ከደጅሽ መጣሁ፣
አንቺን አጣሁ እንጂ መንገዱን መች አጣሁ።

ላቀው ተቀበለው። አንድ ጊዜ ዘፈነው፣ ሳያስጌጥ፣ እንደ ሰጠሁት። ሊደግመው ነው ስል ደጋኑን አነሣና ዝም አለ። ዳሱ ሁሉ ዝም አለ። ያን ዝምታ አንጓዬ አላወቀውም ነበር።

ሙሽራዋን በበቅሎ ሲያወጧት በአጠገባችን አለፈች። ፊቷ በነጭ ኩታ ተሸፍኗል፤ ጥለቱ ቀይ አይደለም። በቅሎዋን ገታ አደረገች።

«ጉራች ደህና ነው?» አለች ከኩታው ውስጥ።

«ደህና ነው። ጭራው እያደገ ነው።»

«ይደግ» አለች። ሄደች። ከዚያ በኋላ ድምጿን አልሰማሁም።

ዳኛው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ተመለሰና ችሎት ቆምን። ክሴን ተናገርሁ። ላቀው አልካደም፤ «ቆርጬዋለሁ፣ ግን ይዘፍናል» አለ። «የተቆረጠው ጭራ የት አለ?» አለ ዳኛው። ላቀው መሰንቆውን አቀረበ። «ይዘፍናል ብለሃል፤ እስቲ እንስማው» አለ ዳኛው። ተጫወተ። እኔ ፊቴን አጥቁሬ፣ መሰንቆው እንዲሰበር ልለምን ቃሌን እያዘጋጀሁ ቆሜያለሁ። ዘፈኑ ሲያበቃ ዳኛው ያየው እሱን ሳይሆን እኔን ነው።

«ከሳሽ፣ ጣቶችህ ምን ሆኑ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቀኝ እጄ ጣቶች አየሩ ላይ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ራሱ በነጠላው አፉን ሸፈነ። «ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ከተጫወቱ እኔ ምን ልፍረድ?» አለ። «ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ?»

መሰንቆውን አየሁት። ይሰበር ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ያችን ቃል ከጥቅምት ጀምሬ ተሸክሜያታለሁ። ከተሰበረ ያ ጭራ ዝም ይላል፤ ሠርጉ ላይ የሰጠሁትም ግጥም አብሮ።

«ቀጠሮ ይሰጠኝ» አልሁ።

«እንግዲያስ ተከሳሽ ዋስ ይጥራ፤ ካልጠራ ሰንሰለቱ ይቀጥላል።»

ላቀው ዙሪያውን አየ። ማንም አልተነሣም።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልሁ።

ከሳሽ ለከሰሰው ሰው ዋስ ሲሆን ያን ቀን ነው የታየው ብለው ለብዙ ጊዜ ሲስቁብኝ ኖረዋል። ይሳቁ። ሰንሰለቱ ሲፈታ ቀኝ እጄ ቀልላ ወደ ላይ ወጣች። ላቀው እጅ ነስቶኝ ሄደ። ቀጠሮው ደረሰ፤ እኔም አልቀረብሁ፣ እሱም አልቀረበ። ከተማው ወደ ፍል ውኃ ወረደ፣ ችሎቱም አብሮ ወረደ፤ ክሴ እላይ፣ ከጥዱ ጋር ቀረ።

ጉራች ጭራው እንደ ቀድሞው ሰኮናው ደርሶ አረጀ። እኔም አገባሁ፣ ዘነበች ተወለደች። ጉራች በእርጅና የሞተ ዕለት ካራ አንሥቼ ጭራውን ከሥሩ ቆረጥሁት። ጌታ ሲሞት ነው የሚቆረጠው፤ እዚህ የሞተው ፈረሱ ነው፣ ጌታው ቆሟል፤ ምን ይደረግ። በዚያ ባለ ቀይ ጥለት ኩታ ጠቀለልሁትና ላቀውን ፍለጋ ወረድሁ። ከቀበና ማዶ አንዲት ጎጆ ውስጥ አገኘሁት። ሸምግሏል። ግራ እጁን ቁርጥማት ጨምድዷት ጭኑ ላይ አስቀምጧታል። መሰንቆው ከምሰሶው ተሰቅሏል፤ አውታሩ ተበጥሷል።

«ማነህ?» አለ።

«ዋስህ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። «ልታቀርበኝ መጣህ?»

«ቀጠሮ አለብን» አልሁና ኩታውን ፈታሁለት። ጭራውን በቀኝ እጁ ዳበሰው፣ ወደ ፊቱ አስጠጋው። አውታሩን እኔ ወጠርሁት፣ እሱ እየነገረኝ፤ ሲነግረኝም እንደ ጥንቱ ይሰድበኛል። ደጋኑን ያዘና ቆመ።

«ግራዬ ሞታለች» አለ። «ቱሉ፣ ያንተን አምጣ።»

በግራው በኩል ተቀመጥሁ፣ ያኔ በምቀመጥበት። ቀኝ እጄን አውታሩ ላይ አኖርሁ። እሱ ደጋኑን ሳበ፣ እኔ ጣቴን አወረድሁ። ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ሁለት ሽማግሌ አንድ በር ሊከፍት ሲታገል ይመስላል። የት እንደሚወርድ አውቃለሁ፣ የምታወርደው ጣት የራሴ ናትና። የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሜ አውቃለሁ። አውቄ እያወረድሁ አለቀስሁ። ቀና ስል ላቀውም ደጋኑን ሳያቆም ያለቅሳል።

ሲያበቃ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «እህስ፣ ከሳሽ?» አለኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላልሁትም፤ የጉራችን ጭራ የቆረጠ ቆርጧል። «ከዋስነቴ ወርጃለሁ» አልሁት።

ከደጅ እልልታ ይሰማ ነበር፤ የየካው ታቦት ሲገባ ነው። ነገሩ ያለቀው በዘመነ ሉቃስ፣ ጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ በሚካኤል ዕለት ነው።